ዘጠኝ ደቂቃ

ማክሰኞ፣ 2
መሪ ማስታወሻ ይይዛል ተብለናል። ሦስት ቀን ከፈጀው የለውጥ አመራር ሥልጠና በእጄ የቀረው ነገር ይህ ደብተር ነው። ሽፋኑ ላይም በየገጹ ግርጌም «ለውጥ ከእኔ ይጀምራል» የሚል ታትሞበታል። ሁለት ስለሰጡኝ አንዱን ለአባዬ ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና «ከእኔ ማለት ከማን?» አለኝ። አባዬ አርባ ዓመት ድሬሰር ሆኖ ቁስል ሲያጥብና መርፌ ሲወጋ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የቀረለት ሥራ እኔን መተረብ ነው።

ስለ ራሴ ለመዝገብ ያህል፦ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነኝ። ላለፉት አሥራ አራት ወራት ደግሞ የዚህ ሆስፒታል ተጠባባቂ ሥራ አስኪያጅ። «ተጠባባቂ» የምትለዋን ቃል ቢሮዬ በር ላይ ባየኋት ቁጥር በጥፍሬ ልፍቃት ያምረኛል። በሚቀጥለው ወር ከበላይ መሥሪያ ቤት ልዑካን መጥተው ያዩናል። ካማርን ቃሏ ትነሣለች።

ሐሙስ፣ 4
የለውጥ አማካሪ ተልኮልናል። ሠራተኛው ከወዲሁ «ባለ ሰሌዳው» ብሎታል፤ በመጣ በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ የበር ያህል የሚሆን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ አሰቅሏላ። በሽተኛው ካርድ ሲወጣለት ሰዓቱ ይጀምራል፣ ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ይቆማል። ከሠላሳ ደቂቃ በታች አረንጓዴ፣ እስከ ስልሳ ቢጫ፣ ከዚያ በላይ ቀይ። እኛ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነን። ሰሌዳው አዳራሹን ስላቀላው የተቀመጠው ሰው ሁሉ ትኩሳት የያዘው ይመስላል።

በነገራችን ላይ ከእንግዲህ በሽተኛ አይባልም፤ ተገልጋይ ነው። የነርሶች ኃላፊዋ ሲስተር ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ «ሲሞትስ ምን እንበለው?» ብላ ጠየቀች። ባለ ሰሌዳው «እሱ በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል» ብሎ ጻፈው።

ሰኞ፣ 8
ስብሰባ። ከሰዓት ስብሰባ። አሥር ሰዓት ላይ ስለ ስብሰባ መብዛት ስብሰባ።

ሲስተር ችግሩ የሐኪም ቁጥር ነው አለች። ስድስት የምርመራ ክፍል አለን፣ ሐኪም ግን አምስት ነው። እውነቷን ነው፤ ግን መዋቅር እየተጠና ስለሆነ ቅጥር ቆሟል። መዋቅሩን የሚያጠኑ ዘጠኝ ሰዎች ግን ተቀጥረዋል።

ይህን ለአባዬ ስነግረው «ስድስተኛው ክፍል ለምን ባዶ ሆነ? አንተ እጅህ ተቆረጠ እንዴ?» አለኝ። የአመራር ሥራ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ማክሰኞ፣ 9
መጣልኝ።

ሰዓቱ የሚጀምረው ካርድ ሲወጣ ነው። ታዲያ ሰው ገና ከመግባቱ ለምን ካርድ እናወጣለታለን? የሐኪም ወንበር ባዶ ሲሆን ብቻ ካርድ ይውጣ። እስከዚያ ሰው ከአጥር ውጪ ተራውን ይያዝ። ግቢው ይጸዳል፣ ግርግር ይቀንሳል፣ ሰሌዳው ይለመልማል። ይህ ማታለል አይደለም፤ መመሪያው ከካርድ ጀምራችሁ ቁጠሩ ይላል፣ እኛም ከካርድ ጀምረን እንቆጥራለን። ለባለ ሰሌዳው ደውዬ ስነግረው «ዶክተር፣ ይህ ምርጥ ተሞክሮ ነው» አለኝ። ማታለል ቢሆን ኖሮ እሱ አይቀበለውም ነበር።

ሰኞ፣ 15
አሥራ አንድ ደቂቃ። አረንጓዴ።

አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮቹ ባዷቸውን ተደርድረዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ «እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም፣ እግዜር ይስጥልን» አለችኝ። ባለ ሰሌዳው ባዶውን አዳራሽ በሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አነሣው።

ሲስተር ቢሮዬ መጣች። «ዶክተር፣ ሰልፉ የት ደረሰ?»
«አለቀ።»
«አዎ፣ ጋራዡ ጋ ነው የሚያልቀው። አሁን ቆጥሬው መጣሁ።»

ይህቺ ሴት ሥራዋን ታውቃለች፣ ግን ለለውጥ ያላት አመለካከት ክፍተት አለበት። አባዬ ነው ተማሪ ሳለች ቁስል ማሸግ ያስተማራት፤ አፏም ከእሱ ሳይጋባባት አልቀረም።

ረቡዕ፣ 17
ባለቤቴ «አባባ ጠዋት ጠዋት የት ነው የሚሄዱት?» አለችኝ። ሳይነጋ ይወጣል አሉ። ስጠይቀው የእግር ጉዞ ነው አለ። ተጣጣፊ ዱካ ብብቱ ሥር ሸጉጦ የእግር ጉዞ የሚሄድ ሰው እሱን አየሁ። «ሲደክመኝ እቀመጥበታለሁ» አለ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው። ደግሞ እስኪርቢቶ ጠየቀኝ። ባለፈው ሳምንት የሰጠሁት አለቀ ይላል። ጡረተኛ ምን እንደሚጽፍ እንጃ፤ ቢያንስ ደብተሩ ሥራ አገኘ።

ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ሲያሻሽ አየሁት። ነገ ልየው።

ዓርብ፣ 19
ዝናብ። ሲስተር ከአጥሩ ውጪ ሸራ ይወጠር ብላ በጽሑፍ ጠየቀች። ከባለ ሰሌዳው ጋር ስንመክርበት ዋልን። ሸራ ከተወጠረ ቦታው መጠበቂያ ሥፍራ ይሆናል። መጠበቂያ ሥፍራ ከሆነ ደግሞ ሰዓት ሊቆጠርበት ነው። ስለዚህ ሸራው ለጊዜው ይቆይ ብለናል። መልሱን ስጽፍ «ጥያቄው በበጎ ታይቷል» አልኩ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከየት እንደሚመጣልኝ አላውቅም፤ ድሮ እንዲህ አልነበርኩም።

አባዬን አላየሁትም፤ ስገባ ተኝቷል። ልብሱ ገመድ ላይ ይንጠባጠባል።

ሰኞ፣ 22
የጥበቃ ኃላፊው ሻምበል አንድ ነገር ነገረኝ። ከአጥሩ ውጪ አንድ ሽማግሌ ዱካ ላይ ተቀምጦ የመጣውን ሁሉ ይመዘግባል አለ። ማን መቼ እንደመጣ፣ ምን እንደሚያመው ይጽፋል። የልብ ምት ይቆጥራል፣ የዓይን ቆብ ገልጦ ያያል። የባሰበትን ከሁሉም ያስቀድማል፣ ሰውም ያለ አንድ ኩርፊያ ይሰማዋል። «የበሩ ዶክተር» ይሉታል አለ።

ፈቃድ የሌለው ሐኪም፣ በእኔ በር ላይ፣ ልዑካን ሊመጡ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» ስለው ሻምበል አንገቱን አከከ። «ዶክተር፣ አንዴ ወርደው ቢያዩዋቸው ጥሩ ነበር።»

ጊዜ የለኝም። ደግሞ እኔ የምገባው በጓሮው የመኪና በር ነው።

ረቡዕ፣ 24
ነገሩ ሥር አለው። ድንገተኛ ክፍል በልብስ ማጠቢያው በር በኩል ሰው እየገባ ነው። ከበሩ የሚመጣው ሁሉ ቁራጭ ወረቀት ይዟል፣ ሲስተርም ወረቀቱን ስታይ ታስገባለች። አንዷን ወረቀት አስመጣሁ። «ሕፃን፣ ስድስት ወር። ከትናንት ጀምሮ አልሸናም። ቶሎ» ይላል። ግርጌው ላይ «ለውጥ ከእኔ ይጀምራል»።

የሥልጠናው ደብተር ነው። ገባኝ። ከእኔ ጋር ከሠለጠኑት አንዱ ነው ወንበሬን የፈለገው። ምክትሌን ጠረጠርኩት፤ ሰሞኑን ሰላምታው በዝቷል። የእጅ ጽሑፉን ግን የማውቀው ይመስለኛል። የሐኪም እንዳልል ይነበባል።

ሲስተርን ማነው ይህን የሚጽፈው ብዬ አፋጠጥኳት። ትክ ብላ አየችኝና «እውነት አያውቋቸውም?» አለች። ወረቀቷን ከእጄ ወስዳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ልጁ ድኗል አሉ።

እሑድ፣ 28
ዛሬ ከአባዬ ጋር ተቀመጥኩ። ፊቱ ገርጥቷል። ግራ ክንዱን ያሻል። «ነገ ቢሮዬ ና፣ የልብ ምርመራ አስደርግልሃለሁ፤ በጓሮ በር አስገባሃለሁ» አልኩት።

«በጓሮ በር አልገባም።»
«አባዬ፣ ግትር አትሁን።»
«እመጣለሁ ብያለሁ እኮ። በተራዬ።»

«የእኛ ተራ እንኳን ፈጣን ነው፣ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው» አልኩት። ይህን ያልኩት ከልቤ ነበር። ያሳፈረኝ ይህ ነው፤ ስለው አምኜው ነበር። አባዬ ወደ ባለቤቴ ዞሮ «ልጄ፣ ለዚህ ሰውዬ ምሳ ጨምሪለት፣ ርቦታል» አላት።

ይዤው መሄድ ነበረብኝ። ግን ነገ ሁለት ሰዓት ላይ የቅድመ ዝግጅት ኮሚቴ አለኝ።

ማክሰኞ፣ 30
ትእዛዙን ፈረምኩ። «ከሆስፒታሉ አጥር ውጪ ያለ ፈቃድ የሕክምና ሥራ የሚያከናውን ግለሰብ ከአካባቢው እንዲነሣ።» ሻምበል ወረቀቱን ይዞ ቆመ።

«ዶክተር፣ አንዴ ብቻ ወርደው...»
«ሻምበል፣ ትእዛዝ ነው።»
«እሺ» አለ። ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

ሐሙስ፣ 2
አባዬ አኩርፏል። ዛሬ ዱካው አብሮት የለም። «ዱካህን የት ጣልከው?» ብለው «መንግሥት ወረሰው» አለኝ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

አሥር ደቂቃ። አረንጓዴ።

ረቡዕ፣ 8
ልዑካኑ ነገ በዋናው በር ይገባሉ። አጥሩ ተቀብቷል። ሰልፉ እንዳይታይ ከመንገዱ ማዶ፣ ከጋራዡ ግንብ ጀርባ እንዲሆን አዘዝኩ። ሲስተር «ከዚያ ሆኖ አንድ ሰው ቢወድቅ ማን ያያል?» አለች። «ለግማሽ ቀን ነው» አልኳት።

የአባዬን ምርመራ ልዑካኑ ከሄዱ በኋላ። ዓርብ። ዓርብን አላሳልፍም።

ሐሙስ፣ 9፤ ጠዋት
ክራቫት። ንግግር ሁለት ገጽ። ሰሌዳው ዘጠኝ ደቂቃ። አባዬ ከእኔ ቀድሞ ወጥቷል። ልዑካኑ ደረሱ።

ሐሙስ፣ 9፤ ማታ
ከአልጋው አጠገብ ሆኜ ነው የምጽፈው። 

ልዑካኑ አሥራ ሁለት ነበሩ። ባዶውን አዳራሽ አደነቁ። ባለ ሰሌዳው ሰሌዳው ሥር አቁሟቸው «ይህ በቀጥታ የሚታይ ነው፣ የተዘጋጀ ነገር አይደለም» ሲል አዲስ መስመር ብቅ አለ። ለማንበብ የቸኮልኩት እኔ ነኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። «ቁጥር ሃምሳ ሰባት። ወንድ። ሰባ አራት ዓመት። ዘጠኝ ደቂቃ።»

አጨበጨቡ። የልዑካኑ መሪ እጄን ጨበጠ። «ይህ ሽማግሌ እድለኛ ነው» አለኝ። እኔም «አዎ፣ እድለኛ ነው» አልኩ።

ሲስተር በሰዎቹ መሐል አልፋ መጣች። «ዶክተር፣ ይምጡ።»
«አሁን አልችልም።»
ጆሮዬ ድረስ ቀረበች። «ቁጥር ሃምሳ ሰባት አባትዎ ናቸው። ልባቸው ነው።»

እንዴት እንደሮጥኩ አላስታውስም። የጓሮ ኮሪደሩ ላይ ነጩን ካፖርቴን ሳወልቅ አንድ እጄ እጅጌው ውስጥ ተይዞ እንደቀረ ብቻ ትዝ ይለኛል። አባዬ ወንበር ላይ ተደግፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ተቀምጧል። ወጣቷ ሐኪም መድኃኒቱን ሰጥታው ነበር፤ እጇ ከእኔ ይልቅ ረጋ ያለ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል ያ ሰው ሊሄድብኝ ነበር። አልሄደም። አሁን ይተነፍሳል። እየቆጠርኩት ነው።

ሻምበል መጥቶ ዱካውንና ደብተሩን አስረከበኝ። «ካስነሣናቸው በኋላም ይመጡ ነበር። ዱካውን ወስደን ነው እንጂ እሳቸውን የት እንወስዳለን? ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጽፉ ነበር» አለ። ቀጥሎ «ነግሬዎት ነበር፣ ዶክተር» አለ። አዎ፣ ሁለት ጊዜ ነግሮኛል።

የእኔ ደብተር መንትያ ነው። አራት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሕመም፣ የመጣበት ሰዓት፣ የገባበት ሰዓት። አንዳንዱ ጋ «ዝናቡ አባረራት፤ አልተመለሰችም» ይላል። የዛሬው ገጽ ላይ ሦስተኛው መስመር፦ «ወንድ፣ 74። ደረት ይከብደዋል፣ ግራ ክንድ። የመጣበት 12፡30። ይቆያል።» ተሰርዞ ቦታው ለነፍሰ ጡር ተሰጥቷል። ከዚያ በታች አሥራ ዘጠነኛው መስመር ላይ ያው የ74 ዓመት ሰው እንደገና ተጽፎ ለአንድ ልጅ ሲባል ተሰርዟል። ከዚያ ሃምሳ ሰባተኛው መስመር ላይ፣ ሳይሰረዝ።

ካርድ የወጣለት 5፡10 ነው። ሐኪም ፊት የተቀመጠው 5፡19። ሰሌዳው አልዋሸም። የዋሸው ሰው ሌላ ነው፣ እኔ ነኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄው ነው፤ የቆጧ ደግሞ አንዲት ቃል ናት።

ዓርብ፣ 10
አባዬ ዓይኑን ገለጠ። «ስንት ሰዓት ጠበቅክ?» አልኩት።
«ሰሌዳህ አልነገረህም?»
«አባዬ።»
«ዘጠኝ ደቂቃ ነው ያለው አሉ። ተጨብጭቦልኛል።»

ከዚያ በኋላ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እሱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ይቆያል ብዬ የጻፍኩት ስህተት ነበር፤ ቶሎ ማለት ነበረብኝ። እርጅና ነው። ሰው የራሱን በሽታ አያይም» አለ።

ሰኞ፣ 13
ደብዳቤው መጣ። «ተጠባባቂ» የምትለዋ ቃል ተነሥታለች። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አሠራራችን ወደ አሥራ አንድ ሆስፒታሎች እንዲሰፋና አሠልጣኙም እኔ እንድሆን አቅጣጫ ተቀምጧል። አሥራ አንድ በር፣ አሥራ አንድ ጋራዥ። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ቀኑን ሙሉ ከበደኝ።

ረቡዕ፣ 15
የወሩን ሪፖርት ስሞላ የአባዬን ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። አማካዩን በእጄ ደመርኩት። አራት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ። ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። ከትንሽ በኋላ ተመለሰች።

«ዶክተር፣ ማሽኑ ከስልሳ ደቂቃ በላይ አይቀበልም።»
«ከስልሳ በላይ የጠበቀ ሰውስ የት ይጻፋል?»
አሰበች። «አልጠበቀም ማለት ነው።»

የታተመውን አስመጣሁና ሣጥኑን ሰርዤ በእስኪርቢቶ ጻፍኩበት። ማኅተም መታሁ። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ራሴ ነኝ፣ ሁለት ጊዜ፣ እንዳይደበዝዝ።

ከዚያ የቀረውን ፈረምኩ። ካርድ ክፍሉ ወደ በሩ ይውጣ፣ ሰዓቱ ሰው ከበሩ ሲደርስ ይጀምር። ሸራው ይወጠር። በሩ ላይ አንድ ነርስ ትመደብ፣ የባሰበትን ታስቀድም። ለዚህ ሥራ ሲስተር ቀድማ ሰው አዘጋጅታ ነበር። ስድስተኛው ክፍል ጠዋት ጠዋት ይከፈት። ማን ይገባበታል ሲሉኝ እኔ አልኩ። ባለ ሰሌዳው «ዶክተር፣ በገዛ እጅዎ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው» አለኝ። የሰውየው ድምፅ ያዘነ ነበር፤ ፎቶዎቹን ሊያጠፋቸው ነው መሰለኝ።

ሰኞ፣ 20
ሰሌዳው ቀልቷል። አዳራሹ ሞልቷል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ወለሉ ጭቃ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ አኩርፋኛለች።

ዛሬ በእግሬ በዋናው በር ገባሁ። አንዲት እናት «ተራ አለ፣ ወንድሜ» ብለው መለሱኝ። አባዬ በር ላይ ሆኖ ምን ያህል ሰው እንዳስተማረ ያኔ ገባኝ። ስድስተኛው ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ሰው አየሁ። የመጀመሪያው ላይ የደም ግፊት መለኪያውን በተገላቢጦሽ አሰርኩት።

ከሰዓት ከበላይ መሥሪያ ቤት ሌላ ደብዳቤ ደረሰ። የቀድሞው «በስህተት የወጣ መሆኑ ስለታወቀ» እንደ መጣ እንዲመለስ ይላል። መለስኩት። ቃሏ ወደ ቢሮዬ በር ተመልሳለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ልፍቃት አላማረኝም።

ማታ አባዬ ጋ ገባሁ። ነገ ወደ ቤት ይወጣል። ትራሱን አስተካክዬለት ስቀመጥ «ዛሬ ስንት ሆነ?» አለኝ።

«አራት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ።»
«ፊት በእኔ ደብተር ስንት ነበር?»
«አራት ከአሥራ አንድ።»

በጣቱ ቆጠረ። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚቆጥረው፣ የልብ ምት እንደሚያዳምጥ።

«ዘጠኝ ደቂቃ» አለ። «ይቺኛዋን እቀበልሃለሁ።»